ልጅህ «ይህ ምንድን ነው?» ሲልህ ምን ትመልሳለህ?
ጾመ ነቢያትንና በዓለ ልደትን ከሕፃናት ጋር ስለማሳለፍ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ውድ ክርስቲያን ወላጆች! አምስት ወይም ስድስት ዓመት የሆነውን ልጃችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡና «ገና ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ሳትረዱት፣ ሳትጠቁሙት መልሱን ስሙ። «ዶሮ የምንበላበት ነው» ካለ፣ «አዲስ ልብስ የሚገዛልኝ ቀን» ካለ አትቆጡት። ልጁ አልዋሸም። በቤቱ ያየውን ነው የተናገረው። ሕፃን በዓልን የሚማረው ከንግግራችን ይልቅ ከሩጫችን ነውና፣ እኛ የሮጥንለት ነገር ለእርሱ በዓሉ ሆኖ ይቀራል።

እግዚአብሔር ለእስራኤል የፋሲካን በዓል በሰጠ ጊዜ ስለ ልጆች የተናገረውን ልብ እንበል። ልጆቻችሁ የዚህን ሥርዓት ትርጉም በጠየቋችሁ ጊዜ እግዚአብሔር ከግብፅ እንዴት እንዳዳናችሁ ንገሯቸው አለ (ዘጸ. 12፥26-27)። የበጉ ደም በመቃኑ ላይ መቀባቱ፣ እንጀራው ያለ እርሾ መጋገሩ፣ ወገብን ታጥቆ በትር ይዞ መብላቱ፣ ይህ ሁሉ ሕፃኑን «ለምን?» ያሰኘዋል። እንግዲህ የልጅ ጥያቄ ለበዓሉ እንቅፋት አይደለም፤ የበዓሉ አንድ ክፍል ነው። ስለዚህ ከወላጅ ሁለት ነገር ይፈለጋል፦ ልጁ እንዲጠይቅ የሚያደርግ ነገር በቤት ውስጥ መሥራት፤ ሲጠይቅም «ዝም በል፣ ስታድግ ታውቀዋለህ» ሳይሉ መመለስ።

ጾሙን ለልጅ እንዴት እንንገረው?

ኅዳር 15 ቀን ጾሙ ሲገባ በቤታችን ብዙ ነገር ይለወጣል። ወተቱ፣ ሥጋው፣ እንቁላሉ ይቀራል፤ በምትኩ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ሱፍ ፍትፍቱ ይመጣል። ልጅ ይህን ሳያይ አያልፍም። «እማዬ፣ ለምንድን ነው ሥጋ የማንበላው?» ይላል። «ጾም ስለሆነ» ብቻ ብሎ መመለስ በሩን መዝጋት ነው። ይልቁንስ እንዲህ በሉት፦ «ጌታ ከመወለዱ በፊት ነቢያት የሚባሉ አባቶች ነበሩ። እግዚአብሔር ወደ እኛ እንደሚመጣ ያውቁ ነበር፤ መቼ እንደሚመጣ ግን በናፍቆት ይጠብቁ ነበር። ኢሳይያስ ከድንግል እንደሚወለድ ተናገረ (ኢሳ. 7፥14)፤ ሚክያስ በቤተ ልሔም እንደሚወለድ ተናገረ (ሚክ. 5፥2)። እኛም አሁን ከእነርሱ ጋር ሆነን እየጠበቅን ነው።» መጠበቅን ሕፃን በደንብ ያውቃል። አባቱ ከሥራ እስኪመጣ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ልጅ የነቢያትን ናፍቆት ለመረዳት ሩቅ አይደለም።

ከዚህ ጾም ጋር ለልጆች የሚጥም አንድ ታሪክም አለ። ከ40ው ቀን ጋር አብረን የምንጾማቸው 3 ቀናት ጾመ አብርሃም ሶርያዊ ይባላሉ። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእስክንድርያ ፓትርያርክ የነበረው አብርሃም ሶርያዊ «እምነታችሁ እውነት ከሆነ ተራራውን አንቀሳቅሱ» የሚል ፈተና ከግብፅ ገዥ በመጣበት ጊዜ ከምእመናኑ ጋር 3 ቀን ጾመ፣ ጸለየ። እመቤታችን ወደ አንድ ድሃ ጫማ ሰፊ መራችው። ስምዖን ይባላል። ይህ ሰው ወደ ሥራው ከመግባቱ በፊት ለሽማግሌዎችና ለሕመምተኞች ውኃ ይቀዳ ነበር። በእርሱም ጸሎት የሙቀጠም ተራራ ተንቀሳቀሰ። ታሪኩን ስትጨርሱ «እኛስ ውኃ የምንቀዳለት፣ የምንላላክለት ማን አለ?» በሉት። ጎረቤት ያሉትን እማማ ወይም አባባ ራሱ ይጠራላችኋል።

ልጁ ራሱ ምን ያህል ይጹም ለሚለው ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተመካከሩ። ዕድሜውንና ጤናውን እርሳቸውም እናንተም ታውቃላችሁ። ሕፃንን በግድ ማስራብ ጾምን እንዲወድ አያደርገውም። ነገር ግን ለማንም ልጅ የማይከብድ አንድ ነገር አለ። አንድ ቆርቆሮ ወይም ትንሽ ሣጥን አዘጋጁና የቤታችሁ ሙዳየ ምጽዋት አድርጉት። በጾሙ ምክንያት ከተረፈው የሥጋና የእንቁላል ወጪ ጥቂቱን በልጁ እጅ አስገቡበት። ከረሜላ ሊገዛበት የነበረውንም ሳንቲም ወዶ ከጨመረ አመስግኑት። በዋዜማው ከፍታችሁ ከእርሱ ጋር ቁጠሩና ለተቸገረ ስጡ፤ ሲሰጥም እርሱ ይስጥ። ያን ጊዜ ጾም ማለት ለራስ መከልከል ብቻ ሳይሆን ለሌላው መትረፍም መሆኑን ያለ ስብከት ይማራል።

ሦስቱ ሳምንታት

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ከልደት በፊት ያሉትን ሦስት ሳምንታት ስም ሰጥታ ለይታቸዋለች። ለወላጅ ከዚህ የበለጠ የተዘጋጀ ትምህርት የለም።

ከታኅሣሥ 7 እስከ 13 ስብከት ይባላል። ነቢያት ስለ ክርስቶስ መምጣት መስበካቸው የሚታሰብበት ነው። በዚህ ሳምንት ማታ ማታ አንድ ትንቢት፣ አንዲት ብቻ፣ አንብቡላቸው።

ከታኅሣሥ 14 እስከ 20 ብርሃን ይባላል። በጨለማ ላለነው ብርሃን እንደ መጣልን እናስባለን። በጸሎት ሰዓት አምፖሉን አጥፉና ጧፍ አብሩ። ልጁ ይያዘው፤ እናንተም ከጎኑ ሁኑ። ቤቱ ሲጨልም፣ ከዚያም በአንዲት ጧፍ የሁሉም ፊት ሲታይ፣ ጌታ ብርሃን የመባሉን ነገር በዓይኑ ያየዋል።

ከታኅሣሥ 21 እስከ 27 ኖላዊ ይባላል፤ ጠባቂ፣ እረኛ ማለት ነው። የጠፋችውን አንዲት በግ ሊፈልግ የሄደውን እረኛ ታሪክ ንገሯቸው (ሉቃ. 15፥4-7)። «አንተ ብትጠፋ ማን ይፈልግሃል?» ብላችሁ ጠይቁ። «አባዬ» ወይም «እማዬ» ቢል «እኛንም ሁላችንን የሚፈልገን አለ» ብላችሁ ቀጥሉ።

እነዚህ ነገሮች በቀን ከአሥር ደቂቃ በላይ አይፈጁም። ገንዘብም አይጠይቁም። የሚጠይቁት ቴሌቪዥኑን ለጥቂት ጊዜ መዝጋትና ስልኩን ማስቀመጥ ነው።

ስለ ዛፉና ስለ «ገና አባት»

በከተሞቻችን የፕላስቲክ ዛፍ፣ የሚብለጨለጭ መብራትና ቀይ ልብስ የለበሰ ጺማም ሽማግሌ ከዓመት ዓመት እየበዙ መጥተዋል። ልጆችም በሱቅ መስታወት ያዩታል፤ «ለምን ለእኛ አይገዛልንም?» ይላሉ። አንዳንድ ወላጅ ይቆጣል፤ አንዳንዱ ደግሞ ልጁ እንዳይከፋው ብሎ ይገዛና ዝም ይላል። ሁለቱም ልጁን ያለ መልስ ይተዉታል።

የሚሻለው እውነቱን መንገር ነው። ከዚህ ቀይ ልብስ ጀርባ እውነተኛ አባት አለ። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሚራ ጳጳስ የነበረው ቅዱስ ኒቆላዎስ ነው። ሦስት ሴቶች ልጆቹን መዳር አቅቶት የተጨነቀን ድሃ ሰው ሰምቶ ማንም ሳያየው በሌሊት የወርቅ ከረጢት በቤቱ እንደ ጣለለት ይነገራል። መታሰቢያውም ታኅሣሥ 10 ቀን፣ በዚሁ ጾም ውስጥ ይውላል። ይህን የሰማ ልጅ «የገና አባት ምን ያመጣልኛል?» ማለቱን ትቶ «እኔስ ማንም ሳያየኝ ለማን ልስጥ?» ማለት ሊጀምር ይችላል።

አንድ ነገር ግን እንጠንቀቅ። «ስጦታውን በሌሊት ያመጣው የገና አባት ነው» ብለን ሕፃንን አናታልል። ልጁ ሲያድግ ውሸት መሆኑን ያውቃል። ያን ጊዜ «በዚያው አፋቸው ስለ ጌታ የነገሩኝስ?» ብሎ ቢጠይቅ ምን እንመልሳለን? የእምነት ነገር የሚቆመው በወላጅ ቃል መታመን ላይ ነው።

ለልጅ ደስታ የሚሆን የራሳችን ነገርም አልጠፋም። ቤቱ ቄጤማ ይጎዝጎዝ፤ ልጆቹ ይጎዝጉዙት። የጌታን መወለድ የሰሙት እረኞች በደስታ ተጫወቱት ከሚባለው ከገና ጨዋታ፣ ከሩሩና ከዱላው ጋር አስተዋውቋቸው። በዚያ ጨዋታ ጌታም በሎሌው እንደማይቆጣ አባቶች ይናገራሉ፤ ንጉሥ በበረት በተወለደበት ቀን ትልቅና ትንሽ አብረው ሲጫወቱ ማየት ለልጅ ትልቅ ትምህርት ነው።

የበዓሉ ሌሊትና ማለዳ

ልጆችን ለሌሊቱ ቅዳሴ ይዛችሁ ኑ። ቀን አስተኟቸው፤ ጋቢ ወይም ወፍራም ነጠላ ያዙላቸው። በማኅሌቱ መካከል ቢያንቀላፉም ግድ የለም፤ የከበሮውና የጽናጽሉ ድምፅ በእንቅልፋቸው ውስጥ ይገባል። ለቅዱስ ቁርባን እንዲዘጋጁም አስቀድማችሁ ካህኑን አማክሩ። የበዓል ልብስ ተለብሶ ቁርባን ሲረሳ ልጁ ከሁለቱ የቱ እንደሚበልጥ ከእኛ ይማራል። በላሊበላ በልደት ማለዳ በቤተ ማርያም ካህናቱ ከላይና ከታች ሆነው ቤዛ ኵሉ የሚያሸበሽቡበትን ሥርዓትም ንገሯቸው፤ ከላይ ያሉት በመላእክት፣ ከታች ያሉት በእረኞች ምሳሌ ናቸው። ሰማይና ምድር አብረው ዘመሩ ማለት ምን እንደሆነ ልጅ እንኳ ይገባዋል።

ቤት ስትመለሱ ድፎ ዳቦው ከመቆረሱ በፊት ቆማችሁ ጸልዩ። ከዚያ ታናሹ ልጅ በሁሉ ፊት ይጠይቅ፦ «ዛሬ ምንድን ነው?» አባት ወይም እናት፣ ወይም አያት፣ በሦስትና በአራት ዐረፍተ ነገር ትመልስ። ጌታ ሲወለድ በእንግዶች ማረፊያ ስፍራ እንዳልነበረው (ሉቃ. 2፥7) ትንገራቸው። ከዚያም ከዶሮው ወጥ የመጀመሪያው ሳህን ለእኛ አይቅረብ። ብቻውን ለሚኖር ጎረቤት፣ ለታመመ፣ ለጥበቃው ይሂድ፤ ተሸካሚውም ልጁ ይሁን። ይህን ያደረገ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት «ገና ምንድን ነው?» ሲባል ከዶሮው በፊት የሚናገረው ነገር ይኖረዋል።

ከሀገር ርቃችሁ ላላችሁ

በአሜሪካና በአውሮፓ ያላችሁ ወላጆች ሌላ ጥያቄ ያገኛችኋል። የልጁ ትምህርት ቤት በዲሴምበር 25 ተዘግቶ ጃንዋሪ 7 ሲደርስ ትምህርት ላይ ነው። «ኢየሱስ ሁለት ጊዜ ነው እንዴ የተወለደው?» ይላል። ልደቱ አንድ መሆኑን፣ የተለያየው የሰዎች የቀን አቆጣጠር መሆኑን ንገሩት። ምዕራባውያን በ1582 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) አቆጣጠራቸውን ሲያሻሽሉ እኛ በቀድሞው ሥርዓት ስለቀጠልን ነው በዓላችን ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ 28 የሚውለው። ከተቻለ ለዚያ ቀን ከትምህርት ቤቱ ፈቃድ ጠይቁለት። ካልተቻለም ሌሊቱና ምሽቱ የእናንተ ነው።

በዐረብ ሀገር በሰው ቤት እየሠራችሁ ልጆቻችሁን ለአያት ትታችሁ የሄዳችሁ እናቶችም አላችሁ። በበዓል ቀን ስትደውሉ «የላክሁት ደረሰህ?» ከማለታችሁ በፊት «ትናንት ማታ ቤተ ክርስቲያን ምን አየህ?» በሉት። በስልክ አብራችሁ አቡነ ዘበሰማያት ድገሙ። ከእናት የሚመጣ ስጦታ ሁሉ ያልቃል፤ ይህ ግን አያልቅም።

ወገኖቼ! ጢሞቴዎስ እምነቱን ያገኘው ከአያቱ ከሎይድና ከእናቱ ከኤውንቄ እንደሆነ ቅዱስ ጳውሎስ መስክሯል (2ኛ ጢሞ. 1፥5)። ታላቁ ጳጳስ የተጀመረው በቤት ውስጥ፣ በሴቶች ጉልበት አጠገብ ነው። ልጆቻችን ይጠይቁናል፤ የሚጠይቁበት ዕድሜ ግን አጭር ነው። ዛሬ ካልመለስንላቸው ነገ ከሌላ ይጠይቃሉ።

በቤተ ልሔም በግርግም የተኛው አምላካችን ልጆቻችንን በቤቱ ያሳድግልን፤ ጾሙን የበረከት፣ በዓሉን የሰላም ያድርግልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።