ሃያ አንዱን ቀን መታገሥ፦ እንቁላል ማስታቀፍ ለሚጀምሩ

በገጠር ቤት እንቁላል የጨው፣ የቡናና የልጆች ደብተር መግዣ ነው። ስለሆነም አንዲት እናት ዐሥር እንቁላል ሳትሸጥ ለዶሮዋ ስታስታቅፍ ከዕለት ፍጆታዋ ቀንሳ ነው። የሰበካ ጉባኤያት ችግረኛ ቤተሰቦችን በዶሮ እርባታ ለመርዳት ሲያቅዱ ይህን አስቀድመው ሊያስቡ ይገባል።

ይህን የምጽፈው ከራሴ ስሕተት ተነሥቼ ነው። በሥራዬ መጀመሪያ የጫጩቱ ቁጥር እንዲበዛ በማሰብ፣ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ለአንዲት ቄብ 18 እንቁላል እንዲያስታቅፉ መከርሁ። ቄቧ ሁሉንም መሸፈን ስላልቻለች ዳር የቀሩት እየበረዱ ተበላሹ። በ21ኛው ቀንም ጫጩቶቹ የዘገዩ መስሎኝ የሁለቱን ቅርፊት ሰብሬ ባወጣቸው ደማቸው ፈስሶ ሞቱ። የተረፉት አራት ብቻ ነበሩ። ዕቅዱ የእኔ፣ ኪሳራው የእርሳቸው ሆነ።

በመጀመሪያ ዶሮዋ ትመረጥ። ለመታቀፍ የደረሰች ዶሮ ከጎጆዋ አትነሣም፤ እጅ ሲቀርባትም ላባዋን አቁማ ትቆጣለች። ቀድሞ ታቅፋ ያሳደገች ብትሆን ይመረጣል። የአገራችን ዶሮ ይህን ጠባይ አላጣችም፤ ለእንቁላል ምርት የተሻሻሉት ዝርያዎች ግን አብዛኞቹ አይታቀፉም።

እንቁላሎቹ አውራ ዶሮ ካለበት መንጋ የተገኙ፣ ከተጣሉ ከ7 ቀን ያልበለጣቸው፣ ንጹሕና ያልተሰነጠቁ ይሁኑ። እስኪታቀፉ ድረስ ሹል ጫፋቸውን ወደ ታች አድርጎ በቀዝቃዛ ስፍራ ማኖር ይገባል፤ ማጠብ ግን አይገባም። ለአገር ዶሮ ከ10 እስከ 12 ይበቃታል፤ ለቄብ ከዚያም ማሳነስ መልካም ነው። ሌላ ዶሮ ኋላ የምትጥለውን ለመለየት በከሰል ምልክት ይደረግባቸው።

ጎጆው ጨለም ያለ፣ ጸጥታ ያለውና ድመት ወይም ሸለምጥማጥ የማይደርስበት ሆኖ ደረቅ ጭድ ይነጠፍበት። እንቁላሉ በምሽት ቢሰጣት ሳትደናገጥ ትቀበላለች። ጥሬና ውኃ በአቅራቢያዋ ይቀመጥ። በቀን አንድ ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ ተነሥታ ትመገባለች፤ የምትንከባለልበት ዐመድና ደረቅ አፈር ብታገኝም ቅንቅን ይቀንስላታል።

በ7ኛው ወይም በ8ኛው ቀን ማታ እንቁላሉን በባትሪ ብርሃን ማየት ይቻላል። ቀያይ የደም ሥሮች ከታዩ ፅንስ አለበት፤ ጥርት ብሎ የሚታየው ይወገድ። ከ18ኛው ቀን በኋላ ግን እንቁላሉን መንካት ይቅር። ጫጩቱ ቅርፊቱን ከነደለ በኋላ እስኪወጣ አንድ ሙሉ ቀን ሊፈጅበት ይችላል። በዚህ ጊዜ ደሙንና የቀረውን አስኳል ወደ ሰውነቱ እየሳበ ነው፤ በዚሁም አስኳል እስከ ሁለት ቀን ያለ ምግብ ይቆያል።

ከዚያ በኋላ የተከካ እህልና በጠፍጣፋ ዕቃ ጥቂት ውኃ ይቅረብላቸው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትም ከጭልፊት ይጠበቁ። ስለ ፈንግል ክትባት የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ አስቀድሞ ማማከር ያስፈልጋል።

ጊዜ መምረጥም ይጠቅማል። በዐቢይ ጾም የእንቁላል ገዢ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በጾሙ መግቢያ የሚታቀፍ እንቁላል ለባለቤቷ ጉዳቱ ያነሰ ነው። ጫጩቶቹም የክረምቱ ብርድና እርጥበት ሳይመጣ ይጠነክራሉ።

እንግዲህ ኮሚቴው በዕቅዱ ላይ የጫጩት ቁጥር ከመጻፉ በፊት ወደ ባለቤቷ ዘንድ ሄዶ ስንት እንቁላል ከገበያ ማስቀረት እንደምትችል ይጠይቃት። የምትነግረው ቁጥር ስድስት ቢሆን፣ በስድስት ይጀመር።