ጥልቁ ዐለት ከተራራ ጫፍ ላይ

የቆጵሮስ ደሴት የትሮዶስ ተራሮች ከ90 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት የሜዲትራኒያንን ባሕር የቀደመ ውቅያኖስ ወለል ነበሩ። ከግርጌያቸው ሽቅብ ብንጓዝ በመጀመሪያ በውኃ ውስጥ የረጋ ትራስ መሰል የእሳተ ገሞራ ዐለት፣ 1,952 ሜትር ከፍታ ባለው በኦሊምፐስ ጫፍ ደግሞ ከምድር ቅርፊት በታች የነበረውን የማንትል ዐለት እናገኛለን።

ጥልቁ ስለ ምን ከሁሉ በላይ ሆነ? የማንትል ዐለት ከውኃ ጋር ሲዋሐድ ወደ ሰርፐንቲናይት ይለወጣል፤ እፍግታውም በኪዩቢክ ሜትር ከ3,300 ወደ 2,600 ኪሎ ግራም ገደማ ይወርዳል። የቀለለው ዐለት፣ ውኃ ቡሽን እንደሚያነሣ ሁሉ፣ በዙሪያው ባለው ከባድ ዐለት ተገፍቶ ለተራራው መነሣት አንዱ ምክንያት ሆነ። የላይኛው ሽፋን በጎርፍ ሲታጠብም ውስጡ ተገለጠ።

የውቅያኖስን ቅርፊት ከላይ እስከ ታች በስቶ ማንትል የደረሰ መሰርሰሪያ እስካሁን የለም፤ በትሮዶስ ግን በእግራችን እንደርስበታለን።