መጀመሪያ ውሃው፣ ቀጥሎ ካያኩ

ካያክ መቅዘፍ የሚያምረው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከጀልባው ነው፤ የትኛው ይፈጥናል፣ የትኛው ያምራል፣ ስንት ያወጣል እያለ ይጠይቃል። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። ካያክ ቀዛፊው እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ የሚቀመጥበት፣ በሁለቱም ጫፍ ጠፍጣፋ በሆነ መቅዘፊያ ግራና ቀኝ እያፈራረቀ የሚነዳው ጠባብ ጀልባ ነው። የሰሜን ዋልታ አዳኞች ከእንጨትና ከአጥንት በተሠራ አጽም ላይ የባሕር እንስሳ ቆዳ ወጥረው የሠሩት ለገዛ ባሕራቸው ነበር። ዛሬም እያንዳንዱ የካያክ ዓይነት የተቀረጸው ለአንድ ዓይነት ውሃ ነው፤ ስለዚህ የሚቀዝፉበትን ውሃ ሳያውቁ ጀልባ መግዛት ገንዘብን፣ አንዳንዴም ነፍስን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

1. ውሃውን ከነወቅቱ ይወቁ

በምሥራቅ ሱዳን ያለው የገዳሪፍ ምድር ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ይሰጣል። ከጭልጋ በኩል ተነሥቶ በመተማ የሚያልፈው ጓንግ ሱዳን ሲገባ አትባራ ይባላል፤ ተከዜም ሰቲት ተብሎ ይቀላቀለዋል። አትባራ በበጋ እየደረቀ ኩሬ ኩሬ ብቻ የሚቀርበት፣ በክረምት ግን ሞልቶ የሚወርድ ወንዝ ነው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በጁን 1861 እ.ኤ.አ. በደረቁ ወንዝ ዳር ሰፍሮ ሳለ ደራሽ ውሃው በአንድ ሌሊት እንደ ነጎድጓድ እየጮኸ መጥቶ እንደ ሞላ ጽፏል። ማታ በእግር የሚሻገሩት አሸዋ ጠዋት ወንዝ ሆኖ የሚገኝበት አገር ላይ «ወንዙ ምን ያህል ጥልቅ ነው?» የሚለው ጥያቄ «በየትኛው ወር?» የሚል ካልታከለበት ትርጉም የለውም።

«ግድብ ተሠርቶበት የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የካሽም ኤል ጊርባ ግድብ በ1964፣ የሩሜላና የቡርዳና ግድቦች በ2017 እ.ኤ.አ. ተመርቀዋል፤ ከግድቦቹ ኋላም ውሃ ተኝቷል። ነገር ግን የተኛ ውሃ ሁሉ ለጀማሪ አይሆንም። የግድብ በር ሲከፈት ከታች ያለው ወንዝ ሳይታሰብ ይሞላል፤ በውሃ የተዋጡ ዛፎችም ጀልባ ይይዛሉ። ከዚህም በላይ አካባቢው ድንበር ነው፣ ሱዳንም ከኤፕሪል 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጦርነት ውስጥ ገብታለች። እዚያ ለመዝናናት መቅዘፍ ዛሬ የሚመከር ነገር አይደለም። ጀማሪ የሚማርበት ውሃ ዳርቻው ቅርብ፣ ሞገዱ ትንሽ፣ ሰው የሚያየው መሆን አለበት፤ ለምሳሌ ላንጋኖ፣ ወይም በባሕር ዳር በኩል የጣና ዳርቻ። በጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ ጠዋት ወጥቶ ከቀትር በፊት መመለስ ይሻላል። አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለና ከሩቅ መዞር ያስፈልጋል። ቢልሃርዚያም ስላለ በዳርቻው ሣር ውስጥ መንቦራጨቅ አይገባም።

2. ከዚያ ዓይነቱን ይምረጡ

ሕጉ አጭር ነው፦ ርዝመት ፍጥነት ይሰጣል፣ ስፋት መረጋጋት ይሰጣል፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ መጉበጥ ደግሞ መታጠፍን ያቀላል። አንዱን ሲጨምሩ ከሌላው ይቀንሳሉ። ላዩ ላይ የሚቀመጡበት ካያክ ሰፊ ነው፤ የገባበትን ውሃ በራሱ ቀዳዳ ያፈስሳል፤ ቢገለበጥም ቀዛፊውን አይይዝም። ውስጡ የሚገቡበት የመዝናኛ ካያክ ብዙውን ጊዜ 3 ሜትር ገደማ ሲሆን ከነፋስና ከርጭት ይከልላል፤ ሲገለበጥ ግን ውሃ ይሞላል። የባሕርና የረጅም ጉዞ ካያክ ከ4 እስከ 5 ሜትር ተኩል የሚደርስ፣ ቀጭን፣ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነው፤ ዕቃ የሚይዙ የታሸጉ ክፍሎችም አሉት። የፈጣን ወንዝ ካያክ ከ3 ሜትር በታች የሆነ፣ ጫፎቹ ወደ ላይ የተቆለመሙ ነው፤ በድንጋይ መካከል ቶሎ ይዞራል፣ በሐይቅ ላይ ግን ቀጥ ብሎ መሄድ እምቢ ይላል። በአየር የሚነፋው በአውቶቡስ ጭምር ስለሚጓጓዝ ይመቻል፤ ነፋስ ግን እንደ ልቡ ይወስደዋል።

«ታንኳ እያለን ካያክ ምን ያደርግልናል?» የሚለው ተቃውሞ ሊናቅ አይገባም። የጣና ወይጦዎች ከደንገል የሚያስሩት ታንኳ ባዶ ሆድ የለውም፤ ውሃ ቢገባበትም አይሰምጥም፤ ቀዛፊው ላዩ ላይ ተቀምጦ በረጅም ዘንግ ግራና ቀኝ ይቀዝፋል። ይህ ላዩ ላይ የሚቀመጡበት ካያክ የሚሠራበት መርህ ራሱ ነው። ልዩነቱ ደንገል ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ፀሐይ ላይ መድረቅ ሲኖርበት ፕላስቲኩ ይህን አለመፈለጉ ነው። ታንኳው ካያኩን አላስፈላጊ አላደረገውም፤ ለጀማሪ የትኛው ካያክ እንደሚስማማ ግን አስቀድሞ ነግሮናል።

3. ይቀመጡ፣ ይያዙ፣ ይቅዘፉ

የመንሳፈፊያ ጃኬት ሳይለብሱና ሳያጠብቁ ወደ ውሃ አይግቡ፤ ትከሻው ላይ ወደ ላይ ሲጎትቱት አገጭዎን ካለፈ ሰፍቶዎታል። ጉልበትዎ ትንሽ ታጥፎ እግርዎ መርገጫውን ይንካ። መቅዘፊያውን ጭንቅላትዎ ላይ ያሳርፉና ክርንዎ ቀጥ ያለ ማዕዘን እስኪሠራ እጅዎን ያራርቁ፤ አያያዙ ያ ነው። ጠፍጣፋውን ጫፍ ከእግርዎ አጠገብ ያጥልቁ፣ ዳሌዎ ጋ ሲደርስ ያውጡ። ኃይሉ ከወገብ መዞር ይምጣ፤ በክንድ ብቻ የሚቀዝፍ ቶሎ ይደክማል። ወደ ቀኝ ለመዞር በግራ በኩል ከፊት እስከ ኋላ ሰፊ ቅስት ይሳሉ።

4. መገልበጥን አስቀድመው ይለማመዱ

«ዋና እችላለሁ» ማለት አይበቃም፤ አደጋው ብዙ ጊዜ መደንገጥ ነው። ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ሰው አጠገብዎ ቆሞ ሆን ብለው ይገልበጡ። ውስጡ የሚገቡበት ከሆነ ወደ ፊት ያጎንብሱ፣ የርጭት መከላከያ ሽፋን ካለ ማሰሪያውን ይሳቡ፣ ጠርዙን ገፍተው ይውጡ። ላዩ ላይ የሚቀመጡበት ከሆነ ጀልባውን ይመልሱ፣ በሆድዎ ተሻግረው ይተኙ፣ ከዚያ ዞረው ይቀመጡ። በሁለቱም ጀልባዎን አይልቀቁ፤ ከርስዎ ይልቅ ጀልባው ከሩቅ ይታያል።

5. ወንዙን በመጨረሻ

«አባይንስ በካያክ ወርደውት የለም?» ቢባል፣ አዎ። ማይክ ጆንስና ጓደኞቹ በ1972 እ.ኤ.አ. በአባይ ላይ በካያክ ወርደዋል፤ ጎርደን ብራውን በካያክ፣ ፓስኳሌ ስካቱሮ በራፍት (በሚነፋ የጎማ ጀልባ) በ2004 እ.ኤ.አ. ከአባይ ተነሥተው እስክንድርያ ደርሰዋል። ሁሉም ግን በፈጣን ወንዝ የበሰሉ ነበሩ። ያም ሆኖ ጆንስ ራሱ በ1978 እ.ኤ.አ. በፓኪስታን ብራልዱ ወንዝ ላይ ሞቷል። ፈጣን ወንዞች በዓለም ዙሪያ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ደረጃ ይመደባሉ፤ 6ኛው ለሕይወት እጅግ አስጊ ነው። ጀማሪ ከ1ኛው አይለፍ፤ ያንንም ከሚያውቅ ሰው ጋር፣ የራስ ቁር አድርጎ።

ዋጋው የሚያሳስበው ሰው ደግሞ ለመማር መግዛት አያስፈልገውም። በሐይቅ ዳር ካሉ ማረፊያዎች ካያክ የሚያከራዩ ስላሉ ሁለት ሦስት ዓይነት ሞክሮ፣ ቢቻል በተለያየ ወቅት፣ ከዚያ መወሰን ይችላል። ያኔ ሻጩ «ምን ዓይነት ትፈልጋለህ?» ሲለው የሚመልሰው ስለ ቀለምና ስለ ዋጋ አይሆንም፤ በየትኛው ውሃ ላይ፣ በየትኛው ወር፣ ከማን ጋር እንደሚቀዝፍ ይናገራል።