ውሻ ከመጠለያ ከመውሰዳችሁ በፊት
የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ነኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የባዘኑ ውሾች መጠለያ ውስጥ በበጎ ፈቃድ አገለግላለሁ። ውሻ ለመውሰድ ለምታስቡ፣ የማየውን በቅደም ተከተል ላካፍላችሁ።

ጤና፦ ድዱን በጣቴ ጫን አድርጌ እለቃለሁ። የነጣው ቦታ በ2 ሰከንድ ውስጥ ካልቀላ የደም ዝውውሩ ያሳስበኛል። የልብ ትል ምርመራም እጠይቃለሁ። ትሉን ትንኝ ታስተላልፋለች፤ አዲስ የተያዘ ውሻ ላይ ምርመራው ላያሳይ ስለሚችል ከ6 ወር በኋላ ይደገም።

ጠባይ፦ ፊት ለፊት አልሄድበትም፤ ጎኔን ሰጥቼ ቁጭ ብዬ እስኪመጣ እጠብቃለሁ። ጭራ መቁላት ሁልጊዜ ደስታ አይደለም፤ ሰውነቱ ከደረቀና ዓይኑ ከፈጠጠ እርቃለሁ። ጥግ ይዞ የሚንቀጠቀጠውን ግን «ክፉ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ያስፈራው የመጠለያው ጩኸት ሊሆን ይችላል። ከሠራተኛ ጋር ውጭ አንሸራሽሩት፤ ጠባዩ የሚገለጠው ጸጥታ ሲያገኝ ነው።