የሆድ ውስጥ የገደል ማሚቶ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ27 ዓመት ሴት ነኝ፤ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ አምስተኛ ወሬን ይዣለሁ። እስካሁን ሦስት ጊዜ አልትራሳውንድ ተነሥቻለሁ። አማቴ «ይህን ያህል ጊዜ ራጅ መነሣት ለልጁ ጥሩ አይደለም» እያሉ ይጨነቃሉ። እሳቸው ሲጨነቁ እኔም እንቅልፍ አጣሁ። ለመሆኑ ሆዴ ውስጥ የሚገባው ምንድን ነው? ያን ቀዝቃዛ ቅባት የሚቀቡኝስ፣ ውኃ ጠጥተሽ ሽንትሽን ያዢ የሚሉኝስ ለምንድን ነው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እህቴ፣ በሰላም ያገላግልሽ። አማትሽ የተጨነቁት ከፍቅር ስለሆነ መልሱን የምጽፈው ለሁለታችሁም ነው። ሆድሽ ውስጥ የገባው ጨረር ሳይሆን ድምፅ ነው።

ራጅ የሚሠራው በጨረር ነው። ያ ጨረር ሕዋሳትን የመጉዳት አቅም ስላለው ነፍሰ ጡርን ራጅ የምናስነሣት ግድ ሲሆን ብቻ ነው። አልትራሳውንድ ከዚህ ወገን አይደለም። ከበሮ ሲመታ ቆዳው ይርገበገባል፤ አጠገቡ ያለውን አየር ይገፋል፣ ያም ቀጣዩን ይገፋል፣ እየተገፋፋ ጆሯችን ድረስ ይመጣል። ድምፅ ማለት ይኸው ነው። የሰው ጆሮ የሚሰማው በሰከንድ ከ20 እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገበውን ነው። ሆድሽ ላይ የሚያስኬዱት ዕቃ፣ እኛ ፕሮብ የምንለው፣ በሰከንድ ከ3 እስከ 5 ሚሊዮን ጊዜ ይርገበገባል። ይህን ከ3 እስከ 5 ሜጋኸርዝ እንለዋለን። ድምፅነቱ ያው ነው፤ እጅግ ከመቅጠኑ የተነሣ ጆሮ አይዘውም እንጂ።

ታዲያ ድምፅ እንዴት ሥዕል ይሆናል? ይህን ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ጓደኛውን የተጣራ እረኛ ያውቀዋል። ድምፁ ከማዶ ተላትሞ ይመለስለታል። ማሚቶው ቶሎ ከመጣ ማዶው ቅርብ ነው፣ ከዘገየ ሩቅ ነው። ፕሮቡም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ውስጡ የተደረደሩት ቅንጣቶች ኤሌክትሪክ ሲደርሳቸው ይርገበገባሉ፤ ማሚቶ ሲመታቸው ደግሞ በተራቸው ኤሌክትሪክ ይሰጣሉ። ይህን ሁለተኛውን ጠባይ በ1880 እ.ኤ.አ. በክሪስታሎች ላይ ያገኙት ፈረንሳውያኑ ወንድማማቾች ዣክና ፒየር ኩሪ ናቸው። ስለዚህ አፉም ጆሮውም አንድ ነው፤ ለቅጽበት ይጮኻል፣ ከዚያ ዝም ብሎ ያዳምጣል። ከጊዜው ከመቶ 99 እጅ በላይ የሚያልፈው በማዳመጥ መሆኑን ለአማትሽ ንገሪልኝ።

ማሽኑ ድምፅ በሥጋ ውስጥ በሰከንድ 1,540 ሜትር እንደሚጓዝ አድርጎ ያሰላል። 10 ሴንቲሜትር ጥልቀት ላይ ያለ ነገር ዘንድ ደርሶ ለመመለስ አንድ ሰከንድ ለሚሊዮን ቢከፈል 130 ያህሉ ይበቃል። እንዲህ እያለ መቶ ሁለት መቶ መስመር ጎን ለጎን ሲደረድር አንድ ሥዕል ይሆናል፤ በአንድ ሰከንድ ውስጥም ብዙ ሥዕል ይሠራል። ልጅሽ ሲራገጥ እዚያው የምታዪው ለዚህ ነው።

ወደ ሕክምና የመጣበት መንገድም ይገርማል። ግላስጎው ውስጥ ይሠራ የነበረው የማህፀን ሐኪም ኢያን ዶናልድ በ1955 እ.ኤ.አ. ከሕመምተኞች የወጡ ዕጢዎችን ይዞ ወደ አንድ የቦይለር ፋብሪካ ሄደ። እዚያ ብረት ውስጥ የተደበቀ ስንጥቅ በድምፅ የሚፈልግ መሣሪያ ነበር። ብረትን የመረመረው ድምፅ ሥጋንም ለይቶ አሳየው። ከባልደረቦቹ ጋር ውጤቱን ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ያወጣው በ1958 እ.ኤ.አ. ነው።

ወደ ቅባቱ ልመለስ፤ ብዙ ሰው የሚንቀው እሱን ነውና። ድምፅ ከአንዱ ነገር ወደ ሌላው ሲሻገር ድንበሩ ላይ ከፊሉ ያልፋል፣ ከፊሉ ይመለሳል። ሁለቱ ነገሮች በጠባያቸው ከተቀራረቡ የሚመለሰው ጥቂት ነው። ጉበትና ኩላሊት በሚገናኙበት ድንበር ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይመለስም፤ ሥዕሉን የምንሠራው በዚያች ጥቂት ማሚቶ ነው። አየርና ሥጋ ግን በጠባያቸው እጅግ የተራራቁ ናቸው፤ ከ1,000 እጅ 999ኙ እዚያው ተመልሶ ይቀራል። በፕሮቡና በቆዳሽ መካከል ስስ አየር ከቀረ ድምፁ ሳይገባ ደጅ ላይ ያልቃል። ቅባቱ፣ ጄል የምንለው፣ ያንን አየር ያስወጣል።

አንድ ጊዜ አብሮ የገባ ባል «ይሄ ነገር ባይቀባትስ? በረዳት እኮ» አለኝ። የሚስቱን ሆድ በመሐረብ አደረቅሁና ደረቁን ፕሮብ አስቀመጥኩት። አሁን አፍንጫው ይታይ የነበረው ጽንስ ጠፋ፤ ስክሪኑ ጫፍ ላይ ጥቂት ነጭ መስመር፣ ከዚያ በታች ጥቁር ብቻ። አንድ ጠብታ ጄል ስጨምር ልጁ ተመልሶ መጣ። አባትየው ስክሪኑን ትቶ ጠብታዋን ሲያያት ቆየ። ብርዱ ግን እውነት ነው፤ ጄሉን አስቀድሞ ማሞቅ ይቻላል፣ ለመጠየቅ አትፍሪ።

የሽንቱም ነገር ከአየር ጋር የተያያዘ ነው። በእርግዝና መጀመሪያ ማህፀን ከዳሌ ውስጥ ገና አልወጣም፤ ከፊቱ አንጀት አለ፣ አንጀት ደግሞ አየር አያጣም። የሞላ የሽንት ፊኛ አንጀቱን ገፍቶ ለድምፅ የውኃ መስኮት ይከፍትለታል። በአምስተኛው ወር ግን የሽርት ውኃው ራሱ መስኮት ሆኗልና ብዙ ጊዜ ፊኛ መወጠር አያስፈልግሽም። ከመጨነቅሽ በፊት «አሁንም ልያዝ ወይ?» ብለሽ ጠይቂ።

ስለ ደኅንነቱም ሳልሸፋፍን ልንገርሽ። ድምፅም ጉልበት ነው፤ የሚያልፍበትን ሥጋ በጥቂቱ ሊያሞቅ ይችላል። ለዚህ ነው ማሽኑ ላይ ሙቀትንና ንዝረትን የሚጠቁሙ ሁለት ቁጥሮች ያሉት፤ ባለሙያውም ዝቅ ባለ ኃይልና በአጭር ጊዜ መጨረስ አለበት። በሕክምና ልክ ሲሠራበት ጽንስን እንደሚጎዳ አልተረጋገጠም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ማንኛዋም ነፍሰ ጡር ከ24ኛ ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ እንድትታይ ይመክራል። ምክንያት ካለ ሦስት ጊዜም አራት ጊዜም ይታያል። ለማስታወሻ ብሎ ረጅም ቪዲዮ ማስቀረጽን ግን አልደግፍም።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 54 ነው። ጨጓራዬን ለዓመታት ያመኛል። ሁለት ቦታ አልትራሳውንድ ተነሥቼ ምንም የለብህም ተባልኩ፤ ሕመሙ ግን አልለቀቀኝም። የተሳሳተው ማሽኑ ነው ወይስ ባለሙያው?

መልስ፦ ሁለቱም ላይሆኑ ይችላሉ ወንድሜ። ጨጓራ ውስጥ አየር አለ፤ አየር ደግሞ ከላይ እንደጻፍኩት ድምፅን ይመልሳል። የጨጓራ ግድግዳ መቆጣትን ወይም ቁስለትን አልትራሳውንድ አያሳይም። «ጨጓራዬን በአልትራሳውንድ እዩልኝ» ብለው ከድካማቸው ላይ ቆጥበው የሚከፍሉ ሰዎች በየሳምንቱ አያለሁ፤ ያሳዝነኛል። ለእርስዎ የሚረዳው የሰገራ ወይም የትንፋሽ የኤች ፓይሎሪ (የጨጓራ ባክቴሪያ) ምርመራና በካሜራ ጨጓራን የሚያሳየው ኢንዶስኮፒ ነው። ክብደት ከቀነሱ፣ ምግብ አልዋጥ ካለዎ፣ ደም ካስመለሰዎ ወይም ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ግን ቀን አይቁጠሩ፣ ዛሬውኑ ይሂዱ።

የተነሡት አልትራሳውንድ ግን ከንቱ አልሆነም። ጨጓራ መስሎ የሚያም የሐሞት ጠጠር አለ፤ እሱን ደግሞ ይህ መሣሪያ በደንብ ያየዋል። ሐሞት ፈሳሽ ስለሆነ ስክሪኑ ላይ ጥቁር ይመስላል። ጠጠሩ በዚያ ጥቁር መሐል ነጭ ሆኖ ያበራል፤ ድምፁን ስለማያሳልፍም ከኋላው ረጅም ጥላ ይጥላል። በጎንዎ ተኙ የሚባሉት ለዚህ ነው፤ ጠጠር ከሆነ ይንከባለላል። ምግብ ከበሉ የሐሞት ከረጢቱ ጨምቆ ይጨማደዳልና ከ6 እስከ 8 ሰዓት ሳይበሉ መቅረብ ያስፈልጋል። ሁለቱንም ጊዜ ባዶ ሆድዎን ነበር?

ጥያቄ፦ እንቅርት አለብኝ። አንድ ቦታ በሆድ መመርመሪያው አንገቴን አይተው «ጥርት አላለም» አሉኝ። ሌላ ቦታ በሌላ ዕቃ አይተው ትንሽ እብጠት እንዳለው ነገሩኝ። የቱን ልመን?

መልስ፦ ሁለተኛውን። የድምፁ ንዝረት በበዛ ቁጥር የሞገዱ ርዝመት ያጥራል፤ ባጠረ ቁጥር ጥቃቅን ነገር ለይቶ ያሳያል። በ3.5 ሜጋኸርዝ አንዱ ሞገድ 0.44 ሚሊሜትር ነው፣ በ10 ሜጋኸርዝ 0.15። ታዲያ ሁልጊዜ በ10 ለምን አንሠራም? ቀጭን ድምፅ ሥጋ ውስጥ ቶሎ ይደክማል። የ10 ሜጋኸርዙ በየ6 ሚሊሜትሩ ገደማ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል፤ የ3.5ቱ ግን ግማሽ ለመሆን 1.7 ሴንቲሜትር ያህል ይጓዛል። እንቅርት ከቆዳ ሥር ስለሆነ ቀጭኑ ይበቃዋል፣ ጉበት ግን ወፍራሙን ይፈልጋል። አንገትሽን ለማየት ቀጥ ያለ ፊት ያለው፣ ከፍ ባለ ሜጋኸርዝ የሚሠራ ፕሮብ አላችሁ ወይ ብሎ መጠየቅ መብትሽ ነው።

የደብረ ብርሃኗ እህታችን ደብዳቤ ጫፍ ላይ አንዲት ጥያቄ ነበረች፤ ለመጨረሻ ያቆየኋት ነች። «የልጄን ልብ አሰምተውኛል፤ እንደ ፈረስ ግልቢያ ነው። ድምፁ የማይሰማ ከሆነ ያ የሰማሁት ምንድን ነው?»

መልስ፦ አምቡላንስ እየጮኸ ወደ አንቺ ሲመጣ ድምፁ ይቀጥናል፣ አልፎሽ ሲሄድ ይወፍራል። ይህን ለውጥ በ1842 እ.ኤ.አ. ያስረዳው ኦስትሪያዊው ክርስቲያን ዶፕለር ነው። የልጅሽ ልብና ደሙ ወደ ፕሮቡ ሲመጡ ማሚቶው ጥቂት ይቀጥናል፣ ሲሸሹ ጥቂት ይወፍራል። በተላከውና በተመለሰው መካከል ያለው ልዩነት በሰከንድ ከመቶዎች እስከ ጥቂት ሺዎች ንዝረት ነው፤ ይህ ደግሞ ጆሯችን የሚሰማው ልክ ነው። ማሽኑ ያንን ልዩነት በድምፅ ማጉያ ያወጣዋል። የሰማሽው እንቅስቃሴውን ነው። ስክሪኑ ላይ ቀይና ሰማያዊ ካየሽም ቀዩ ብዙ ጊዜ ወደ ፕሮቡ የሚመጣ ደም ነው፣ ሰማያዊው የሚርቀው፤ የደሙን ንጽሕና አይናገርም። ዶፕለሩ ከተራው ሥዕል ይልቅ ጉልበት ስለሚጠይቅ በመጀመሪያዎቹ ወራት እንቆጥበዋለን፤ አንቺ ግን ያን ጊዜ አልፈሻል፣ ለአጭር ጊዜ መስማት ችግር የለውም።

በሚቀጥለው ቀጠሮ አማትሽን ይዘሻቸው ግቢ። የልጁ ልብ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ጊዜ የሚመታ ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጉልን በዪ፣ ሰዓታቸውን ይዘው እሳቸው ይቁጠሩት።