በሞተር ቢስክሌት ረጅም መንገድ ለሚሄድ ሹም ስለሚገባው መሰናዶ

ቀድሞ አንድ ሹም ግዛቱን ሊጎበኝ የተነሣ እንደሆነ አስቀድሞ የሚታየው የበቅሎዋ ነገር ነበር። ኮቴዋ ደኅና መሆኑ፥ ጀርባዋ አለመላጡ፥ ኮርቻው መስማማቱ፥ የጭነቱም ሚዛን ወደ ግራና ወደ ቀኝ መተካከሉ ሦስትና አራት ቀን ቀደም ብሎ ይመረመራል። ዛሬ በብዙ ወረዳ የእርሻ ባለሙያውና የእንስሳት ሐኪሙ የሚጓዙት ሕዝቡ ዶቅዶቄ በሚለው በሞተር ቢስክሌት ስለሆነ ያ ሁሉ ምርመራ የቀረ የሚመስላቸው አሉ። ነገሩ ግን እንደዚህ አይደለም። በቅሎ ስትደክም ትዘገያለች፥ ስታነክስም በዐይን ትታያለች፤ ሞተር ግን ሕመሙን ለማያውቅበት ሰው ሳያሳይ ይሄድ ይሄድና ሰው በሌለበት ገደል ላይ ይቆማል።

የሞተር በመንገድ መቆም ደግሞ የአንድ ሰው መጉላላት ብቻ አይደለም። በ1880 ዓ.ም. የከብት ደስታ በምጽዋ በኩል ገብቶ አገሩን ሲያዳርስ፥ በሬ በማለቁ ማሳው ሳይታረስ ቀርቶ ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ እንደ ተከተለ የማያውቅ የለም። ይህ በሽታ በክትባት ብርታት ከዓለም ሁሉ መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም. ታውጇል። የእርሱ ዘመድ የሆነው፥ በግና ፍየል የሚፈጀው ደስታ መሰል በሽታ ግን አሁንም አለ። የዚህም ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሚሆን ቅዝቃዜ ተጠብቆ ከቦታው መድረስ አለበት። መድኃኒቱን በበረዶ ሣጥን ይዞ የሚሄድ ሐኪም በቆላ ፀሐይ ግማሽ ቀንና ከዚያም በላይ ሞተሩ ቆሞበት የዋለ እንደሆነ በረዶው ይሟሟል፤ ማታ ደርሶ ቢወጋም ኀይሉ ያለቀ መድኃኒት መውጋቱ ነው። ባለ ፍየሉ ግን ተከተበልኝ ብሎ ተማምኖ መንጋውን ከታመመው መንጋ ጋር ያሰማራል። ይህም ጥፋት በአንዲት ካንዴላ ምክንያት ሊመጣ ይችላል።

ለዚህ ነገር ምሳሌ የሚሆን የሁለት ሴቶች ጉዞ አለ። ቴሬሳ ዋላክና ፍሎረንስ ብሌንኪሮን የሚባሉ እንግሊዛውያን በ1927 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ከለንደን ተነሥተው የሰሐራን በረሃ አቋርጠው በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ኬፕ ታውን ገቡ። የተጓዙበትም ፓንተር የሚባል ባለ 600 ሲሲ ሞተር ሲሆን በጎኑ ተቀማጭ የሚይዝ ጋሪ፥ በኋላውም ዕቃ የተጫነበት ተጎታች ነበረው። ይህን ሁሉ በአሸዋ ላይ መጎተት ለአንድ ሞተር እጅግ ከባድ ነበር። በረሃውንም ሊጨርሱ ወደ አጋዴዝ ከተማ ሲቃረቡ ሞተሩ ተሰበረባቸው፤ ጠግነው እስኪነሡም ድረስ ብዙ ጊዜ በዚያ መቆየት ግድ ሆነባቸው። ነገር ግን ዋላክ የምሕንድስና ትምህርት የተማረች ሰው ስለሆነች፥ ሁለቱም ሞተራቸውን በእጃቸው ያውቁት ስለ ነበረ፥ መሰበሩ ጉዞውን አዘገየው እንጂ አላስቀረውም። ከ1966 እስከ 1969 ዓ.ም. በባለ 500 ሲሲ ትራያምፍ ኢትዮጵያን ጭምር አቋርጦ ዓለምን የዞረው ቴድ ሳይመን ግን ጋዜጠኛ እንጂ መካኒክ አልነበረም፤ የሞተሩንም ጠባይ የተማረው በየመንገዱ እየቆመ ነው። ለዚህም አራት ዓመት ያህል ጊዜ ነበረው። በአሥር ቀን ውስጥ ስድስት ቀበሌ ጎብኝቶ መግለጫ ጽፎ እንዲመለስ ለታዘዘ ሹም ግን እንደዚህ ያለ ትምህርት አይመቸውም።

ስለዚህ ትምህርቱ በቤት ይጀመር። ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ከመነሣቱ በፊት በገዛ ግቢው ውስጥ የኋላውን ጎማ ፈትቶ፥ ከለመዳሪውን አውጥቶ፥ ለጥፎና መልሶ ገጥሞ ነፍቶ ማየት አለበት። መካኒክ ሲሠራ ቆሞ መመልከት እንደዚህ አያስተምርም። መጀመሪያ የሠራ ሰው ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል፥ ጣቱንም ይቆነጥጠዋል፤ በሦስተኛው ጊዜ ግን ከግማሽ ሰዓት ብዙ አይበልጥበትም። ከመሣሪያዎቹም የትኛው እንደ ጎደለ የሚታወቀው በዚህ ጊዜ ነው። ከሞተሩ ጋር የሚመጣው ትንሽ የመሣሪያ ከረጢት ሁሉን የያዘ ይመስላል፤ የኋላውን ጎማ ዳዶ የሚፈታው ቁልፍ ግን ብዙ ጊዜ በውስጡ አይገኝም።

ለመንገድ የሚያዘውም ዕቃ ብዙ አይደለም። ሁለት ካንዴላ፥ ሁለት ከለመዳሪ፥ ልጥፍና ማጣበቂያ፥ የእጅ ፓምፕ፥ ጎማ መፈልቀቂያ ብረት፥ ፒንሳ፥ ካቻቢቴ፥ የካቴና መጋጠሚያ፥ ጥቂት ሽቦ፥ ፊውዝና አንድ ሊትር ዘይት ይበቃል። የፍሪሲዮኑን ገመድ በሚመለከት ግን አንድ ብልኀት አለ። ትርፍ ገመዱን በከረጢት ከመያዝ ይልቅ ከአሮጌው ጎን አስጠግቶ ከመሪው እስከ ሞተሩ ድረስ አስቀድሞ መዘርጋት ነው፤ አሮጌው የተበጠሰ እንደሆነ ጫፍና ጫፉን ብቻ ማሰር ይበቃል፥ ሰርባቶዮም መፍታት አያስፈልግም።

ብዙዎች የሚሳሳቱበት ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም በመነሻው ዋዜማ ሞተሩን ጋራዥ አስገብቶ ሁሉን ማስለወጥ ነው። ይህ ትጋት ይመስላል፥ ጉዳቱ ግን ብዙ ነው፤ አዲስ የተገጠመ ቡሎን የሚላላው፥ በደንብ ያልተጠበቀም የዘይት ክዳን የሚያንጠባጥበው በመጀመሪያው መቶ ኪሎ ሜትር ውስጥ ነውና። ጥገናው ከመነሻው አንድ ሳምንት አስቀድሞ ይፈጸም። ከዚያም በኋላ ሙሉው ጭነት እንደ ጉዞው ቀን ተጭኖ መቶ ኪሎ ሜትር ይነዳ፤ ሲመለስም ቡሎኑ ሁሉ ይጥበቅ፥ የቸርኬው ሽቦዎች አንድ በአንድ ይነኩ፥ ካቴናውም በእጅ ሲነሣ ከሁለት እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል መላላቱ ይታይ። በዚሁ ቀን የቤንዚኑ ነገር ይለካል። ሰርባቶዮውን ሞልቶ መነሣትና በመመለሻ ዳግመኛ ሞልቶ ስንት ሊትር እንደ ገባ መጻፍ ነው። ነጋዴው የነገረው ቍጥር ጭነት ለሌለው ሞተርና ለሜዳ መንገድ ስለሆነ ለዳገት አይታመንም። ከበርሜል የተቀዳ ቤንዚን የተገዛ እንደሆነም በንጹሕ ጥቅጥቅ ጨርቅ ሳይጠለል አይግባ፤ በቤንዚን ውስጥ ያለ ውሃ ከታች የሚዘቅጥ ስለሆነ ካርቡራቶሩ አስቀድሞ የሚጠጣው እርሱን ነው።

አሁን አንድ የታወቀ መንገድ ይወሰድ። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እንጦጦን ወጥቶ በጫንጮና በሙከጡሪ፥ በፍቼም አጠገብ የሰላሌን ደጋ አልፎ ጎሐ ጽዮን እስኪደርስ ድረስ መንገደኛውን የሚያስቸግረው ብርድ ነው። ከጎሐ ጽዮን በኋላ ግን መሬቱ ይከፈትና እስከ ዓባይ ድልድይ ድረስ በሃያ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ውስጥ ከ1,300 ሜትር በላይ ቍልቍል ይወረዳል፤ ወዲያውም ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ይወጣል። መሰናዶ ያለውና የሌለው የሚለዩት በዚህ ገደል ነው።

ቍልቍለቱን በፍሬን ብቻ ይዞ የሚወርድ ሰው ገና ከግማሹ ሳይደርስ ፍሬኑ ይሞቃል፤ የሞቀ ፍሬን ደግሞ የመያዝ ኀይሉ ይደክማል። ፍሬኑ በፈሳሽ የሚሠራ ከሆነ ነገሩ ይብሳል፤ ይህ ፈሳሽ ከአየር እርጥበትን እየሳበ የሚያረጅ ስለሆነ ባረጀ ጊዜ ቶሎ ይፈላል፥ ሲፈላም እጀታው እንደ ባዶ ሆኖ እስከ መሪው ድረስ ይገባል። ስለዚህ ፈሳሹ ቢበዛ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ይለወጥ። በመንገድም ላይ ደንቡ የታወቀ ነው፤ ዳገቱ በሚወጣበት ማርሽ ቍልቍለቱም ይወረድበታል። ሞተሩ ራሱ ይይዛል፥ ፍሬኑም ለጠመዝማዛው ብቻ ይጠበቃል። ቤንዚን ለመቈጠብ ሲሉ ሞተር አጥፍተው በፎሌ የሚወርዱ አሉ። ከዚህ የሚተርፈው ቤንዚን ጥቂት ብርጭቆ ነው፤ ጥፋቱ ግን የሚታየው ከታች የሚወጣ ትልቅ የጭነት መኪና በጠባቡ ኵርባ መንገዱን ሁሉ ይዞ ሲመጣ ነው። በኵርባዎቹም ከመኪና የፈሰሰ ናፍጣና ዘይት ስላለ፥ ዝንጀሮዎችም ከመንገዱ ዳር ስለማይጠፉ፥ ዐይን ከመንገድ እንዳይነሣ ያስፈልጋል። በወንዙ ላይ በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራውን አዲሱን ድልድይ ለማየት የሚወድ ደኅና ቦታ ፈልጎ ይቁምና ይመልከት።

ዳገቱ ሌላ ነገር ያስተምራል። ከባሕር ወለል በላይ አንድ ሺህ ሜትር በተወጣ ቍጥር አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ ሞተሩ ከኀይሉ ዐሥር እጅ አንዱን ያህል ያጣል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ስለዚህ በዚያ የሚነዳ ሞተር በመጽሐፉ ከተጻፈው ኀይሉ ሩቡን ያህል አስቀድሞ አጥቷል። በካርቡራቶር የሚሠራ ከሆነም አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ ስለሚበዛበት ጥቍር ጢስ ያወጣል፥ ካንዴላውም በጥላሸት ይሸፈናል። ይህን ያላወቀ ሰው ሞተሬ ተበላሸ ብሎ የማይፈታውን ሁሉ ይፈታል። የሚሻለው የአየር ፊልትሮውን ማጽዳት፥ ካንዴላውን ጠርጎ መመለስና በዝቅተኛ ማርሽ ሳይቸኵሉ መውጣት ነው። ጭነትም በዚህ ቦታ ይመሰክራል፤ በቤት ሲጫን ቀሎ የታየ ዕቃ ሁሉ በደጀን ዳገት ይከብዳል።

የጭነቱ አኳኋን ከበቅሎ ጭነት ብዙ አይለይም፤ ግራና ቀኙ በሚዛን እኩል ይሁን፥ ከባዱ ዕቃም ከታችና ወደ ፊት ይሁን። ከባድ ሣጥን ከኋላው ጎማ ወዲያ ተንጠልጥሎ የታሰረ እንደሆነ የፊቱ ጎማ ስለሚቀልለው መሪው ይዋልላል። የክትባቱ ሣጥን ግን ከማርሜታው ሙቀት ይራቅ።

ስለ ጊዜው፥ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ያለው ከሁሉ ይሻላል። ክረምት ከገባ በኋላ በጥቍር አፈር አገር በሞተር ለመሄድ ማሰብ ግን ደፋርነት ነው። የሰላሌንና የጎጃምን ዋልካ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ይመሰክራል። ጭቃው በጎማውና በጭቃ መከላከያው መካከል እየታጨቀ ይደርቅና ጎማው ከቶ አልዞር ይላል፤ ያን ጊዜ የሞተር ኀይል ምንም አይጠቅም፥ የሚጠቅመው ጭቃውን የሚያወጣ ጠንካራ እንጨት ነው። በጨዋ ልብስ የተነሣ ሹም በዋልካ ውስጥ ተንበርክኮ ጭቃ ሲያወጣ ሕዝቡ አይስቅበትም፥ መጥቶ ይረዳዋል እንጂ፤ ነገር ግን ሥራው ሳይሠራ ቀኑ ይመሻል። ግድ ሆኖ በክረምት የሚሄድ ሰው ወንዙን በማለዳ ይሻገር፤ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚዘንብ ደራሹ ውሃ በማታ ይመጣልና። አስቀድሞ በእግር ገብቶ ጥልቀቱን ያልለካ ሰው በሞተር አይግባ። ሞተሩ ውሃ የጠጣ እንደሆነም ለማስነሣት ፈጽሞ አይሞከር፤ ካንዴላው ወጥቶ ውሃው በቀዳዳው እስኪረጭ ድረስ ሞተሩን ማዞር፥ ፊልትሮውንም ማድረቅ ይገባል።

በልብስ ነገር ጋቢና ነጠላ ለሞተር አይሆኑም። ጫፋቸው በካቴናው ወይም በጎማው ሽቦ የተያዘ እንደሆነ ሰውን ከነልብሱ ጎትቶ ይጥላል። ወፍራም ካፖርት፥ ቍርጭምጭሚትን የሚሸፍን ጫማ፥ የእጅ ጓንትና ደኅና የራስ ቍር ያስፈልጋል። የራስ ቍር በመሪው ላይ አንጠልጥለው የሚሄዱ ሹማምንት ይታያሉ፤ የሚጠብቁት መሪውን ይሁን ራሳቸውን አይታወቅም።

መንጃ ፈቃድ፥ ሊብሬ፥ የሦስተኛ ወገን መድንና የጉዞ ትእዛዝ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ይያዙ። ከመነሻው በፊት የመንገዱ ጸጥታ ከየወረዳው ጽሕፈት ቤት ይጠየቅ፤ የት እንደሚታደርና በስንት ሰዓት እንደሚደረስም ለላኪውና ለተቀባዩ ይነገር። የተባለው ሰዓት አልፎ ሁለት ሰዓት ከቈየ ፈላጊ እንዲላክ አስቀድሞ ስምምነት ከተደረገ፥ እግሩ የተሰበረ መንገደኛ በገደል ውስጥ አያድርም። በሌሊት መንዳት ግን ከቶ አይገባም፤ ከብት ወደ ቤቱ የሚገባው ሲመሽ ነው፥ ከገበያ የሚመለስም አህያ መብራት የለውም። አንድ በሬ በሞተር ቢገጭ ሐኪሙ ሊያድነው የመጣውን ከብት ራሱ መግደሉ ነው፤ ከዚያም በኋላ በዚያ ቀበሌ ገበሬው ከብቱን ለክትባት በደስታ አያወጣም።

ማታ ከማደሪያው ሲደርስ ከማረፉ አስቀድሞ ዘይቱን ይመልከት፥ ካቴናውን ገና ሳይበርድ ዘይት ይቀባ፥ የሄደውን ኪሎ ሜትርና የገባውን ቤንዚን በደብተር ይጻፍ። የበረዶውንም ሣጥን ከፍቶ ሙቀት መለኪያውን ያንብብ፤ ከ8 ዲግሪ አልፎ ከተገኘ መድኃኒቱን ለብቻው አኑሮ ሳይወጋበት ለላከው መሥሪያ ቤት ያስታውቅ።