በሠፈራ ጣቢያ ቤት ከመሠራቱ በፊት መሬቱን የመመርመር አስፈላጊነት

በድርቅ ምክንያት ከቀዬው የተፈናቀለ ሕዝብ በአዲስ ቦታ ሲሠፍር በቅድሚያ የሚታሰበው የእርሻ መሬት፣ የመጠጥ ውሃና መጠለያ ነው። የዓይነ ምድርና የፍሳሽ አወጋገድ ግን ብዙውን ጊዜ ቤቱ ከቆመ በኋላ የሚነሣ ጉዳይ ነው። ከ1977 እስከ 1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ ጋምቤላና መተከል ሲዛወር የብዙ ጣቢያዎች መረጣ የተከናወነው በጥድፊያ ነበር። ችካል ከተተከለና ቤት ከተሠራ በኋላ ስሕተትን ማረም አስቸጋሪ በመሆኑ፣ የሚከተሉት ምርመራዎች መቅደም ይገባቸዋል።

ሀ. የከርሰ ምድር ውሃ ከፍታ

የመጸዳጃ ጉድጓድ ወለል በክረምት ከሚደርሰው የከርሰ ምድር ውሃ ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ማለት አለበት። በጥር ወር ደርቆ የታየ ጉድጓድ በነሐሴ ውሃ ሊሞላ ስለሚችል በበጋ የተደረገ ምልከታ ብቻውን አያስተማምንም። በተቆፈረው ጉድጓድ ግድግዳ ላይ ግራጫ ቀለምና ዝገት የመሰለ ነጠብጣብ ከታየ፣ ውሃው በክረምት እስከዚያ እንደሚደርስ ያመለክታል። ከሁሉም በላይ ውሃ የሚተኛበትን ሥፍራ የሚያውቀው የአካባቢው ነባር ነዋሪ ስለ ሆነ ሽማግሌዎችን መጠየቅ ግዴታ ሊሆን ይገባል።

ለ. የአፈሩ ውሃ የመምጠጥ ችሎታ

በታቀደው ጥልቀት ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ ተቆፍሮ ውሃ ይሞላል፤ ሌሊቱን እንዲርስ ይተዋል። በማግሥቱ እንደገና ተሞልቶ፣ የመውረዱ ፍጥነት እስኪረጋ ድረስ በየ30 ደቂቃው ይለካል። አስቀድሞ ማራሱ በተለይ ለጥቁር አፈር (መረሬ) አስፈላጊ ነው። ይህ አፈር በበጋ ስለሚሰነጣጠቅ ውሃውን በቅጽበት ይውጣል፤ ሲርስ ግን አብጦ ስንጥቁ ይዘጋል። ሳያርሱ የለካ ባለሙያ፣ ጥሩ ያልሆነውን መሬት ጥሩ ነው ብሎ ይፈርማል።

ልዩነቱ በአኃዝ ሲታይ፣ የረጋ ሸክላ አፈር በቀን በአንድ ካሬ ሜትር ከ10 ሊትር እምብዛም አይመጥም፤ አሸዋ ግን ወደ 50 ሊትር ይደርሳል። በቀን 1,000 ሊትር ፍሳሽ የሚያወጣ ክሊኒክ ከሴፕቲክ ታንኩ ለሚወጣው ፍሳሽ በአሸዋ 20፣ በሸክላ 100 ካሬ ሜትር የማስረጊያ ገጽ ያስፈልገዋል ማለት ነው።

ሐ. ርቀትና አቀማመጥ

መጸዳጃ ከመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ወይም ምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ፣ ከተዳፋቱ በታች መሆን አለበት። በተሰነጠቀ ዓለት ላይ ፍሳሹ ሳይጣራ ሩቅ ስለሚጓዝ ርቀቱ መጨመር ይኖርበታል። ውሃ ፈጥኖ መስረጉ ሁልጊዜ መልካም ምልክት አይደለም።

መ. የጽሑፍ ፈቃድ

የምርመራው ውጤት፣ ቀኑና የጉድጓዶቹ ሥፍራ በንድፍ ላይ ተመዝግቦ የጤናና የውሃ ባለሙያዎች ሳይፈርሙበት ግንባታ መጀመር የለበትም። መሬቱ ካልተስማማ ከመሬት ከፍ ያለ መጸዳጃ መሥራት ወይም የቤቶቹን ረድፍ ማዛወር ይቻላል፤ ሁለቱም ካልሆነ ጣቢያው ይለወጣል።

በረሃብ የተዳከመ ሕፃን የተበከለ ውሃ የሚያስከትለውን ተቅማጥ የመቋቋም ዐቅሙ አነስተኛ ነው። ስለሆነም ለምርመራ የሚውሉት ጥቂት ቀናት እንደ መዘግየት ሳይሆን የሠፋሪውን ሕይወት የማዳኑ ሥራ አካል ሆነው ሊታዩ ይገባል።